የወይዘሮ ደጊቱ ድስት ዝም ያለችበት ቀን

ወይዘሮ ደጊቱን ያወቅኋቸው ዳንግላ ገበያ ዳር ካለችው የቢስክሌት መጠገኛዬ ነው። አንድ ጭቃማ ማለዳ ከባድ ነገር በነጠላቸው ጠቅልለው መጡና ፊቴ አስቀመጡት። ሲገልጡት ድስት ነው። ግን እንዲህ ያለ ድስት አይቼ አላውቅም። ክዳኑ እንደ በር ይቀረቀራል፣ እጀታው ረጅም ነው፣ አናቱ ላይ እንደ አፍንጫ ብቅ ያለች ቀዳዳ አለችው። ከአፍንጫዋ ፈንጠር ብሎ ደግሞ ሌላ የተነደለ ቦታ አየሁ።

«ይችን የተነደለች የምትደፍን ነገር ታገኝልኛለህ ልጄ?» አሉኝ።

ላስደስታቸው ብዬ ቸኮልሁ። «ለዚህ ነው እንዴ? ብሎን አስገብቼ ጥርቅም አደርግልዎታለሁ። ዕድሜ ልክዎን አይነቀልም!»

ድስታቸውን ከእጄ ነጠቁ። «አይነቀልም? እንግዲያ መቃብራችንንም አብረህ ቆፍርልና! ይች እኮ በጭንቅ ቀን እንድትነቀል ነው የተሠራችው።»

ከዚያ ሣቁብኝና በርጩማዬ ላይ ተቀምጠው ቀዳዳው እንዴት እንደተነደለ አጫወቱኝ። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ገባ ወጣ እላለሁ። በዕለቱ የነበሩትንም ሰዎች ጠይቄአለሁ። የሁሉም ወሬ አንድ ነው፤ የሚለያዩት ባቄላው የት ድረስ እንደተረጨ ሲናገሩ ብቻ ነው።

ወይዘሮ ደጊቱ ትውልዳቸው ከእንጅባራ ወዲያ፣ ቀርከሃ ከሚበዛበት አገር ነው። በልጅነታቸው የሚያወሩት አገውኛ ነበረ፤ አማርኛውን የለመዱት ባል አግብተው ዳንግላ ሲገቡ ነው። አሁንም ሲናደዱ በአገውኛ፣ ሲለምኑ በአማርኛ ነው ይሏቸዋል። ባላቸው ሲሞቱ ልጅ አልነበራቸውምና ብቻቸውን ቀሩ። ዘመድ መጥቶ «ወደ አገርሽ ግቢ» ቢላቸው «ቤቴ እዚህ አይደል እንዴ፣ ወዴት ነው የምገባው?» አሉና እምቢ አሉ።

ያን ጊዜ በትምህርት ቤቱ የሚያስተምሩ ሚስተር ናየር የሚባሉ ሕንድ ነበሩ። ሥጋ አይበሉም፣ እንቁላልም አይነኩም። ወይዘሮ ደጊቱ ይህን ሲሰሙ «ዓመቱን ሙሉ ጾም? እኝህስ ከቄሳችንም ይብሳሉ» ብለው ወጥ ቤት ሆነው ተቀጠሩላቸው። ድስቷም የእኚሁ የሕንዱ ነበረች፣ ከአገራቸው ይዘዋት የመጡ። ከእሷ ጋር ፕሪሙስ የሚሉት፣ በፓምፕ እየተነፋ የሚነድ የላምባ ምድጃ ነበራቸው።

መጀመሪያ ቀን ድስቷ ስታፏጭ ወይዘሮ ደጊቱ አጥር ዘለው ሮጡ ይባላል። እሳቸው ግን «ነጭ ውሸት! በበሩ ነው የወጣሁ» ይላሉ።

ሚስተር ናየር ትዕግሥተኛ ሰው ነበሩ፤ አማርኛቸው ግን እንደ ነገሩ ነው። ክዳኑን ወደ መስኮቱ አንሥተው በአፍንጫዋ ቀዳዳ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ፤ ከዚያ ለወይዘሮ ደጊቱ ይሰጣሉ። «ሰማይ አለ?» ይላሉ። «አለ።» «ጥሩ። ሰማይ የለም፣ ድስት የለም!» ቀዳዳዋ በአተር ገለባ ከተደፈነች አትከደንም ማለታቸው ነው። ባቄላና አተር አረፋ ስለሚያነሣ ከግማሽ በላይ አስሞልተውም አያውቁ። እንፋሎቱ በአፍንጫዋ ቀጥ ብሎ መውጣት ሲጀምር ቆቧን፣ ያችን ከባድ የብረት ክዳን፣ ቀዳዳዋ ላይ ይደፉላታል። ድስቷ ማፏጨት ስትጀምር ደግሞ የምድጃውን እሳት ዝቅ ያደርጋሉ።

አንድ ቀን ወይዘሮ ደጊቱ ቸኩለው እጀታውን ሊያላቅቁ ሲሉ ሚስተር ናየር እጃቸውን ያዙባቸው። እሳቱን አጥፍተው አጠገባቸው ቁጭ አሉ። ድስቷ በራሷ ጊዜ ቀዝቅዛ፣ ቆቧ በጭልፋ ጫፍ ከፍ ሲል ምንም ትንፋሽ ሳይወጣት ነው የተከፈተችው። «ቸኩሎ የሚከፍት፣ ፊት የለውም» አሉ በእጃቸው ፊታቸውን እየጠረጉ።

«ያች ታናሿ ነጥብስ ምንድን ናት?» አሏቸው ወይዘሮ ደጊቱ፣ ከአፍንጫዋ አጠገብ ያለችውን ለስላሳ ብረት እያመለከቱ።

«እሷ? አፍንጫ ተዘጋ፣ ድስት ታመመ፣ እሷ ትሞታለች። አንቺ አትሞቺም።» ቀጥለውም ጣታቸውን አነሡ። «ደጊቱ፣ ፉጨት አለ፣ ሰላም አለ። ፉጨት የለም፣ እሳት አለ፣ ሩጥ!»

«ሩጪ ነው የሚባለው ጌታዬ።»

«እሺ፣ ሩጪ። እኔም ሩጪ።»

ሚስተር ናየር ወደ አገራቸው ሲመለሱ ድስቷንም ምድጃውንም ለወይዘሮ ደጊቱ ሰጥተዋቸው ሄዱ። ሰፈሩ በሁለት ተከፈለ። ግማሹ ንፍሮ ቶሎ ይበስልልናል ብሎ እህሉን ይዞ ይመጣል። ግማሹ ደግሞ በደጃፋቸው ሲያልፍ ያማትባል።

ከሚያማትቡት ዋናው አቶ አበረ ነበሩ። አቶ አበረ የሰፈሩ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ ናቸው፣ የማኅበሩ አለቃ ማለት ነው። የወይዘሮ ደጊቱ ባል በሕይወት ሳሉ የዚያ ማኅበር አባል ነበሩ። ሲሞቱ ወይዘሮ ደጊቱ በባላቸው ቦታ ልግባ ብለው ለመኑ። አቶ አበረ «ብቻዋን ያለች ሴት እንዴት አድርጋ ጽዋ ታወጣለች?» እያሉ አቆዩዋቸው። በስንት ምልጃ በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት «እንግዲህ የሰኔውን አውጪና እንይሽ» አሏቸው። በመልካም ካወጡ ማኅበርተኛ ናቸው። ካልሆነ ጽዋው አልፏቸው ይሄዳል።

ብቻውን ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማኅበር ያለው ሰው ቢታመም ጠያቂ አለው፣ ቢቸግረው ደጁን የሚያንኳኳለት አለው፣ ቢሞት ቆሞ የሚቀብረው አለው። ወይዘሮ ደጊቱ ይህን አስበው ነው የጨነቃቸው።

«አንድ ነገር ግን» አሉ አቶ አበረ ሊሄዱ ተነሥተው። «ያች የምታፏጭ ዕቃሽ በሚካኤል ዕለት ድምጧን እንዳልሰማ። ጽዋ የምንጠጣ ከመልአኩ ጋር ነው እንጂ ከባቡር ጋር አይደለም።»

«እሺ ጋሼ አበረ። ምን ቆርጦኝ በሚካኤል ዕለት!» አሉ ወይዘሮ ደጊቱ።

የሰኔ ሚካኤል ደረሰ። የእኛን አገር ሰኔ ለሚያውቅ ማውራት አያስፈልገኝም። ዝናቡ ሌት ተቀን ወረደ። ጠላው ከተጠመቀ ሰንብቷል፣ ዳቦውና የሽሮ ወጡም ደርሷል፤ የቀረው የባቄላው ንፍሮ ብቻ ነበረ። ከጠላ ጋር ንፍሮ ያላቀረበ ሰው ደግሞ ምን ጽዋ አወጣ ይባላል? ባቄላው ማልዶ በማሰሮ ተጣደ። ግን የማገዶው እንጨት ውኃ ጠጥቶ ጭስ ብቻ ሆነ።

ሊያግዛቸው የመጣችው ጎረቤታቸው ዘውድነሽ ነበረች። ዘውድነሽ አረቄ አውጪ ናት፤ እንደ እሷ አረቄ የሚያወጣ በዳንግላ የለም ይባላል። ከጭሱ ጋር ስትታገል ቆይታ ዓይኗን እየጠረገች ተነሣች።

«እትየ፣ ይህ እንጨት እኮ አይነድም፣ ያለቅሳል እንጂ። እኔንም አስለቀሰኝ።»

«ባቄላውስ?»

«ባቄላውማ እንደ ጠጠር ነው። ለጋሼ አበረ ጥርስ ካዘኑ ይችን የሕንድ ድስት ያውጧት።»

«እንዳልሰማት ብለውኛል እኮ አንች!»

«ታዲያ እሳቸው ሳይመጡ ትጨርስ! አፏጭታ ትተኛለች። ማን ይነግርባታል?»

ወይዘሮ ደጊቱ ማሰሮውን አዩ፣ ደጁን አዩ፣ አማተቡና ድስቷን አወጡ። በአፍንጫዋ ሰማዩን አዩ። ከግማሽ ሳያሳልፉ ባቄላውን ጨመሩ፣ ውኃ አጠጡት፣ ከደኑ። የመጀመሪያው ዙር እንደ ቅቤ ሆኖ ወጣ። ዘውድነሽ አንድ ፍሬ አፏ ላይ ጣል አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። «እትየ፣ ይች ድስት እኮ ባል ብትሆን አገባት ነበረ።»

ሁለተኛው ዙር ተጣደ። ድስቷም ማፏጨት ከመጀመሯ ከደጅ «ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ!» የሚል ድምፅ መጣ። ዝናቡ ሰዉን ከቤተ ክርስቲያን ቶሎ በትኖት ማኅበርተኛው ሁሉ ቀድሞ ደርሷል። ከፊት አቶ አበረ፣ ከኋላ ጥላ የያዙት ቄስ ነጋ።

ወይዘሮ ደጊቱ የምድጃውን እሳት ዝቅ አደረጉ። «ዘውድነሽ፣ በሚካኤል፣ ምንም እንዳትነኪ። እኔ አስቀምጫቸው እመጣለሁ» አሉና ወጡ።

ጓዳውና አዳራሹ የሚለያዩት በአንድ መጋረጃ ነው። የቤቱም ክዳን ሣር ስለሆነ ዝናቡ ብዙም አይጮህም። ድስቷ ግን «ፊሽሽሽ» ትላለች። ወይዘሮ ደጊቱ ከልክ በላይ ጮኸው ሰላም አሉ፣ ደጋግመው ሳሉ፣ በርጩማ ጎተቱ። እንግዶቹ ከተቀመጡ በኋላ ግን ምን ይጎትቱ?

«ምንድን ነው የሚያፏጨው?» አሉ አቶ አበረ ጆሯቸውን ቀጥ አድርገው።

«ዝናቡ ነዋ ጋሼ አበረ!»

«ዝናብ ያፏጫል እንዴ?»

«የዘንድሮው ያፏጫል።»

መጋረጃው ወዲያ ያለችው ዘውድነሽ ይህን ሰማች። የእትየ ደጊቱ ነገር አንጀቷን በላው። ድስቷን ብታይ አናቷ ላይ እንፋሎቱ ይትጎለጎላል። አረቄ ለሚያወጣ ሰው ይህን ዝም ብሎ ማየት የማይቻል ነገር ነው። ከማሰሮውና አረቄው ከሚወርድበት መቃ መጋጠሚያ ጭስ የምታህል እንፋሎት ከወጣች አረቄው ባከነ ማለት ነው፤ ወዲያው በሊጥ ይመረጋል። የዘውድነሽ እጅ ይህን ሲሠራ ነው የኖረው። ቡኾ ዕቃው ጥግ ላይ የተረፈ ሊጥ ነበረ። ዘግና አመጣችና ቆቧን ዙሪያዋን ጥርቅም አድርጋ መረገቻት። ሊጡ ሊነሣ ሲታገላት ጊዜ ከወፍጮው ላይ መጁን አንሥታ አናቱ ላይ ጫነችበት። እሳቱም የደከመ መስሏት ፓምፑን ጨመር ጨመር አደረገችለት። ፉጨቱ ዝም አለ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ በሥራዋ ረክታ ቆመች።

አዳራሹ ውስጥ ቄስ ነጋ ተነሥተው ዳቦው ላይ መባረክ ጀምረዋል። ሁሉም ቆሟል።

«አባራ መሰለኝ» አሉ አቶ አበረ በሹክሹክታ።

ዝናቡ አላባራም። ወይዘሮ ደጊቱ ከበሩ ወደ ውጭ አዩት፤ እንዳወረደ ነው። ያን ጊዜ ጆሯቸውን ወደ መጋረጃው አዘነበሉ። ፉጨቱ የለም። የምድጃው ድምፅ ግን በመጋረጃው በኩል ሲያጓራ ይሰማቸዋል፣ እንዲያውም ትተውት ከሄዱት በርትቶ።

እንግዶቹ ከገቡ ጀምሮ ሲለምኑት የቆዩት ነገር ይህ ነበረ፣ ድስቷ ዝም እንድትል። አሁን ዝም ብላለች፣ አቶ አበረም ደስ ብሏቸዋል፣ ቄሱም እየባረኩ ነው። ጸሎት ያቋረጠች ሴት ነገ በዚህ ሰፈር ምን ትባላለች? ወይዘሮ ደጊቱ ይህን ሁሉ አሰቡት። ግን እግራቸው ቀድሟቸው ነበረ።

«አባቴ ይፍቱኝ! ውጡ! ሁላችሁም ወደ ውጭ!»

«ምን አልሽ?» አሉ ቄስ ነጋ፣ መስቀላቸው አየር ላይ እንደቀረ።

«ውጡ አልሁ እኮ! ዳቦውን ተዉት! ጋሼ አበረ፣ ይውጡ፣ ይውጡ!» አማርኛው አልደረስ ቢላቸው በአገውኛ ጮኹ፤ ያኔ ከማኅበርተኛው ግማሹ ተረድቶ ሌላውን እየገፋ ወጣ። ወይዘሮ ደጊቱ መጋረጃውን ገለጡ። ዘውድነሽን አዩ፣ ሊጡን አዩ፣ መጁን አዩ። ክንዷን ይዘው ወደ በሩ ወረወሯት።

ክዳኑን አልነኩም፣ መጁንም አላነሡም። ጎንበስ ብለው፣ ፊታቸውን አዙረው፣ የምድጃውን የአየር ማስተንፈሻ ብሎን ፈታ አደረጉት። እሳቱ ፍስስ ብሎ ጠፋ። ከዚያ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄዱ ወጡና በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

ማኅበሩ ሁሉ ዝናብ ላይ ነው። አቶ አበረ የመጁን ነገር ከዘውድነሽ ሰምተው ዘንጋቸውን ይዘው መጡ። «ምን አባቱ ነው የምትፈሪው? ድንጋይ ከሆነ በዚህ ዘንግ ገፍቼ ልጣለው!»

«ጋሼ አበረ፣ ከዚህ ደፍ አያልፉም።»

«እኔን? በማኅበሬ ቀን?»

«እርስዎን። ቢቆጡኝም ቆመው ይቆጡኝ። ጽዋውንም ቢነሡኝ ይንሡኝ።»

አቶ አበረ አፋቸውን ሳይከፍቱ ከጓዳው «ጧ!» አለ። ቀጥሎ እንደ ተቆጣ ድመት ያለ ረጅም ትንፋሽ መጣ። መጋረጃው ተነፋ፣ ነጭ እንፋሎት በበሩ ወጣ፣ የባቄላ ገንፎም ጣራ ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ ቀድሞ ቄስ ነጋ ከቆሙበት ቦታ አጠገብ ሳይቀር ተለጠፈ። ከዚያ ጸጥ አለ።

«የሞተችው ታናሿ ነጥብ ናት» አሉ ወይዘሮ ደጊቱ በረጅሙ ተንፍሰው። «እኛ አልሞትንም።»

ዘውድነሽ ከጣራው ጠፈጠፍ ሥር ቆማ ታለቅሳለች። «እኔ እኮ ተኗ እንዳይባክን ብዬ ነው እትየ።»

«ምን ተን? ባቄላ ነው እኮ የጣድሁት አንች! አረቄ ልታወጪበት ነበረ?»

አንዱ ማኅበርተኛ ሣቁን መያዝ አቃተው፤ ከዚያ ሁሉም ሣቀ፣ ዘውድነሽም እያለቀሰች ሣቀች። ያልሣቁት አቶ አበረ ብቻ ናቸው። ድስቷ ቀዝቅዛ ሁሉም ሲመለስ አቶ አበረ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡና ወይዘሮ ደጊቱን ፊታቸው አቆሙ።

«ድምጧን እንዳልሰማ ብዬሽ አልነበረም?»

«ብለውኛል። እንጨቱ እምቢ ቢለኝ ነው። ዝናቡ ነው ያልሁዎትም ውሸት ነው።»

«ዝም ካለች በኋላ ግን ዝም ብትይ እኔ ምን አውቅ ነበረ? አባታችንን ከጸሎት አናጥበሽ፣ እኔን እንደ ፍየል ዝናብ ላይ ነድተሽ፣ ለምን?»

«ዝም ብልማ ያ ባቄላ አሁን እርስዎ ራስ ላይ ነበረ ጋሼ አበረ።»

አቶ አበረ ቀና ብለው ጣራውን አዩ። ከጣራው አንድ የተላቀቀ ባቄላ ጉልበታቸው ላይ ጠብ አለ። አንሥተው አገላብጠው አዩት፣ ተንፈስ አሉበትና አፋቸው ላይ ጣሉት። ሰዉ ሁሉ አፍ አፋቸውን ያያል። አቶ አበረ ከፊት ጥርስ የላቸውም፤ ንፍሮ ሲቀርብ ለጎረቤታቸው የሚያሳልፉ ሰው ናቸው።

«በስሏል» አሉ በመጨረሻ። «ሌላ የለም?»

የመጀመሪያው ዙር በሙሉ ነበረ። ቄስ ነጋ የተቋረጠውን ጸሎት ከመጀመሪያው ጀመሩ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ንፍሮው ዞረ። አቶ አበረ ሁለቴ አስጨመሩ። ሊሄዱ ሲነሡ ጽዋውን ለተረኛ ማስረከብ ነበረ፤ የሐምሌ ተረኛ ደግሞ ራሳቸው አቶ አበረ ናቸው። ማኅበርተኛው ጽዋውን ከማን እጅ ይቀበሉ ይሆን ብሎ ይጠብቃል። ቄስ ነጋ አንሥተው ሊሰጧቸው ሲሉ አቶ አበረ እጃቸውን ወደ ወይዘሮ ደጊቱ ዘረጉ።

«ካወጣችው እጅ ነው የምቀበለው» አሉና ጽዋውን ከእሳቸው ተቀብለው ሳሙት። «በሐምሌም እኔ ቤት ንፍሮውን የምታበስይው አንች ነሽ። ድስትሽን አምጫት፣ ታፏጭ። ይችን አረቄ አውጪ ግን አደራ፣ ጓዳዬ አታስገቢብኝ።»

ወይዘሮ ደጊቱ ድስቷን ይዘው እኔ ዘንድ የመጡት በማግሥቱ ነው። ብሎኔን እምቢ ብለው፣ ባሕር ዳር ለሚያስተምሩ የሚስተር ናየር ወዳጅ ምትኳን እንዲልኩላቸው በመኪና መልእክት ላኩ። እውነተኛዋ ታናሽ ነጥብ ለሐምሌ ሚካኤል ደረሰች። እኔም ብሎኔን ኪሴ ውስጥ ትቼ እሷን ገጠምኋት፤ የሠራሁት ሥራ ያ ብቻ ነው። ዛሬ ወይዘሮ ደጊቱ የማኅበሩን ንፍሮ ሁሉ የሚያበስሉ እሳቸው ናቸው። ለመምህራኑም ምሳ ያዘጋጃሉ። ከዘውድነሽ ጋር አንድ ቀን ተኳርፈው አያውቁም።

እንግዲህ በዳንግላ በኩል የምታልፉ ከሆነ እሳቸውን ሳታዩ አትለፉ። ከመኪና ወርዳችሁ የወይዘሮ ደጊቱን ቤት ብትሉ ማንም ያሳያችኋል። ብቻቸውን ስለሆኑ ሰው ሲመጣባቸው ደስ ይላቸዋል። ባዶ እጃችሁን ብትሄዱ ግድ የላቸውም፣ ወሬ ግን ይዛችሁ ሂዱ። ምሳ ከመድረሱ በፊት ብትደርሱ ጥሩ ነው፤ ድስቷን እንዴት እንደሚከድኑ ያሳዩዋችኋል፣ እናንተም አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ትጠብቃላችሁ። ቢስክሌት ጠጋኙ ልኮን ነው በሏቸው።